«ታጥቦም አይለቅም» የሚባለውን የሃያሉሮኒክ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በቴሌግራም ቻናሎች፣ በአንዳንድ ፀጉር ቤቶችና በየሰፈሩ የኮስሞቲክስ ሱቆች አንድ ጥቅል እየዞረ ነው፦ ሻምፑ፣ ኮንዲሽነር፣ ሻወር ጄልና አንድ ትንሽ ብልቃጥ። «ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሃያሉሮኒክ አሲድ ስለገባበት ታጥባችሁም ወዙ አይለቅም» ይባላል። ዋጋው ከተለመደው ሻምፑ ብዙ እጥፍ ነው። ብልቃጡ በነፃ የሚጨመረው ደግሞ ገንዘቡን ቀድሞ በቴሌብር ለላከ ብቻ ነው። አትላኩ። ቢያንስ የጠርሙሱን ጀርባ ጥርት ባለ ፎቶ አስልካችሁ ሳታነቡ አትላኩ።

ሰው በቀላሉ የሚታለለው ወሬው ከባዶ ስላልተነሳ ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ1934 ካርል ሜየርና ጆን ፓልመር ከከብት ዓይን ለይተው ያወጡት፣ በሰው ቆዳና መገጣጠሚያ ውስጥም በተፈጥሮ የሚገኝ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። ውኃ አቅፎ ይይዛል፤ ስለዚህም ፊት ላይ ተቀብቶ በሚቆይ ክሬምና ሴረም ውስጥ ጥሩ ሥራ ይሠራል። በሻምፑ ውስጥ ግን ችግር አለበት። ሰንሰለቱ ኔጌቲቭ ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙላት) ያለው ነው፤ ተመሳሳይ ቻርጆች ደግሞ ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። በሻምፑና በሻወር ጄል የተለመደ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ላይ ፀጉርም ቆዳም ኔጌቲቭ ናቸው። ስለዚህ ይገፋፋሉ እንጂ አይያያዙም፤ ውኃው ሲፈስ ሃያሉሮኒኩም አብሮ ወደ ቱቦው ይሄዳል። ይህን ለማስተካከል ኬሚስቶች በሰንሰለቱ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው የናይትሮጅን ቡድኖች ይቀጥሉበታል። ያኔ ከለቀለቃችሁ በኋላም ስስ ሽፋን ሆኖ ፀጉርና ቆዳ ላይ የተወሰነው ይቀራል። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፤ እኛም የምናከብረው ነው። ጥያቄው የተሸጠላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አለ ወይ የሚለው ነው።

መልሱ ከጀርባው ነው። ፖዘቲቭ የተደረገው ዓይነት በንጥረ ነገር ዝርዝር ላይ የሚጻፈው «ሃይድሮክሲፕሮፒልትሪሞኒየም ሃያሉሮኔት» (Hydroxypropyltrimonium Hyaluronate) ተብሎ ነው። ሁለቱ ቃላት ተከታትለው፣ በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ ሳይገባ መቆም አለባቸው። በዝርዝሩ ላይ ያለው «ሶዲየም ሃያሉሮኔት» ብቻ ከሆነ ያ ተራው፣ ኔጌቲቩ ነው። «ሃይድሮላይዝድ ሃያሉሮኒክ አሲድ» ማለትም ተሰባብሮ ያነሰው ሰንሰለት ነው፤ እሱም ኔጌቲቭ ነው። «ሶዲየም አሴቲሌትድ ሃያሉሮኔት» ከተራው ይልቅ ቆዳን የሚወድ ቢሆንም ቻርጁ አልተገለበጠም። ከፊት ለፊት በወርቃማ ፊደል የተጻፈው ምንም ይበል ምን፣ ይህ ስም ከጀርባ ከሌለ ፖዘቲቭ ሃያሉሮኒክ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በደንብ ልብ በሉት። ጠንከር አድርጋችሁ ስትጠይቁ ሻጩ ዝርዝሩ ውስጥ «ትሪሞኒየም» የሚለውን ቁራጭ በጣቱ ያሳያችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ያ «ጓር ሃይድሮክሲፕሮፒልትሪሞኒየም ክሎራይድ» ነው። ጓር ከሚባል የባቄላ ዘመድ ፍሬ የሚሠራ፣ በርካሽ ሻምፑዎች ውስጥ ጭምር ለዘመናት የኖረ ማለስለሻ ነው። ቻርጁ ፖዘቲቭ መሆኑ እውነት ነው፤ ከታጠበ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁን ልስላሴ የሚሰጠውም እሱ ወይም «ፖሊኳተርኒየም» ከሚባሉት ባለ 7 ወይም ባለ 10 ቁጥሩ ነው። መጥፎ ነገሮች አይደሉም። ግን ለእነሱ ያን ያህል ገንዘብ አይከፈልም፤ ሃያሉሮኒክም አይደሉም።

በቪዲዮ የሚለቀቀው የቀለም ማሳያም አያሳስታችሁ። ነጭ የፀጉር ዘለላ ይታጠብና ቀይ ቀለም ውስጥ ይነከራል፤ በምርቱ የታጠበው ይቀላል፣ ያልታጠበው ነጭ ይቀራል። ይህ በላቦራቶሪ የሚሠራበት ትክክለኛ ሙከራ ነው፤ ቀለሙ ኔጌቲቭ ስለሆነ ፖዘቲቭ ነገር ባለበት ይይዛል። የሚነግራችሁ ግን «ፖዘቲቭ የሆነ ነገር ተቀምጧል» የሚለውን ብቻ ነው። ከሰፈራችሁ ሱቅ የገዛችሁት ተራ ኮንዲሽነርም ያንኑ ፀጉር ያቀላዋል። በጣት መካከል እየተጎተተ የሚዘረጋው ወፍራም ፈሳሽም ማስረጃ አይሆንም፤ ዛንታን ጋምም፣ ሌሎች ርካሽ ማወፈሪያዎችም ውኃን ያወፍራሉ።

«2 በመቶ ሃያሉሮኒክ» የሚለው ጽሑፍ ሌላው ማታለያ ነው። ሃያሉሮኒክ ለአምራቹ ብዙ ጊዜ በውኃ ተበጥብጦ፣ 1 በመቶ ብጥብጥ ሆኖ ይቀርባል። ከዚያ ብጥብጥ 2 በመቶ ከተጨመረ ትክክለኛው መጠን 0.02 በመቶ ነው። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 0.06 ግራም ማለት ነው። በአንድ እጥበት 10 ሚሊ ብትጠቀሙ ራሳችሁ ላይ የምታፈሱት 2 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያም አብዛኛው ይታጠባል። ሰንሰለቱ ረጅም የሆነው ዓይነት በእውነት 2 በመቶ ቢገባ ኖሮ ከጠርሙሱ የሚፈስ ሻምፑ ሳይሆን የረጋ ጄል ይሆን ነበር። ከዝርዝሩ መጠኑን ለመገመት «ፌኖክሲኤታኖል» የሚለውን መጠበቂያ ፈልጉ። የአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ በላይ አይፈቅደውም፤ ስለዚህ ከእሱ በኋላ የተጻፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። ከ1 በመቶ በታች ያሉት ደግሞ በፈለጉት ቅደም ተከተል ስለሚጻፉ ሃያሉሮኒኩ ከመዓዛው በፊት መምጣቱ በዝቷል ማለት አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ብልቃጡ ነው። «ያላችሁ ሻምፑ ላይ ጨምሩት፣ ጠርሙሱ ሙሉ ፖዘቲቭ ይሆናል» ተብሎ ይሰጣል። አይሆንም። የአብዛኛው ሻምፑ ማጽጃ «ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት» ነው፤ እሱ ኔጌቲቭ ነው፣ መጠኑም ከብልቃጡ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ነው። ብልቃጡ እውነተኛውን ፖዘቲቭ ሃያሉሮኒክ ቢይዝ እንኳ ሁለቱ ጠርሙሱ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ወይ ማጽጃው ውጦት ምንም አይሠራም፣ ወይ ደግሞ ፈሳሹ ይደፈርስና እንደ ተቋጠረ ወተት ከታች ይረጋል። ያ የተቋጠረ ነገር ፀጉር ላይ ሲያርፍ ይጣበቃል፤ ሥሩ ላይ ቅባት የቀረ ይመስላል፤ አረፋውም ይቀንሳል። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው የማጽጃውን፣ የጨውንና የፖሊመሩን (የፖዘቲቩን ረጅም ሰንሰለት) መጠን የሚያመጣጥነው ጠርሙሱ ውስጥ ጥርት ብሎ እንዲቆይ፣ ራስ ላይ ውኃ ሲጨመርበት ብቻ እንዲለይና ፀጉር ላይ እንዲቀመጥ ነው። በጠብታ ቆጠራ ቤት ውስጥ የሚደረስበት አይደለም። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ተራው ሶዲየም ሃያሉሮኔት ከሆነ ደግሞ (ብዙ ጊዜ ይኸው ነው) ሻምፑው ላይ ምንም አያመጣም፤ ኮንዲሽነር ላይ ከጨመራችሁት ግን ኮንዲሽነሩ ፖዘቲቭ ስለሆነ እሱኑ ያበላሻል። በዚህ ላይ ውኃማ ነገር በጨመራችሁ ቁጥር መጠበቂያው ይቀጥናል፤ እርጥብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳምንታት የሚቆም የቀጠነ ሻምፑ ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። ሽታው ከተለወጠ፣ ከቀጠነ ወይም ከተቋጠረ ጣሉት።

ብልቃጡን በመርፌ ወይም በሚወጋ ሮለር ቆዳ ውስጥ ለማስገባት «ያው ሃያሉሮኒክ ነው» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ በፍጹም እሺ አትበሉ። ለሚታጠብ ምርት የተሠራ ፈሳሽ ንጹሕነቱ ለቆዳ ላይ እንጂ ለቆዳ ውስጥ አይደለም። ሐኪም የሚወጋው ሌላ፣ ከጀርም ነፃ ተደርጎ የታሸገ ምርት ነው። ዓይን ውስጥም አይጨመርም።

እውነተኛውን ብታገኙስ? ከታጠባችሁ በኋላ ቆዳው ያነሰ ይወጠራል፣ ፀጉሩ በቀላሉ ይበጠራል። ይኸው ነው። የተሰነጠቀ ፀጉር አይጠግንም፣ ፀጉር አያሳድግም፣ በሚቀጥለው እጥበትም ብዙው ይነሳል። ቅቤ ለምትቀቡ ደግሞ ገንዘቡ ይበልጥ ይባክናል። ቅቤ የያዘ ፀጉር ሁለቴ ይታጠባል፤ የመጀመሪያው ሻምፑ ሥራው ቅቤውን መንቀል ብቻ ነው፣ የያዘውም ከቅቤው ጋር ይሄዳል። ለመጀመሪያው እጥበት ሁልጊዜ ርካሹን ተጠቀሙ።

ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ጣና ዳር ብንኖርም ቆዳችን ይሰነጠቃል። ለዚያ የሚረዳው ታጥቦ የሚወጣው ሳይሆን ተቀብቶ የሚቀረው ነው። ገላችሁን በሞቀ እንጂ በሚያቃጥል ውኃ አትታጠቡ፤ በፎጣ ጠብ ጠብ አድርጉና ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ አንድ እጅ ግሊሰሪን በሦስት እጅ ንጹሕ ውኃ አቅጥናችሁ ተቀቡ፤ በላዩ ስስ ቫዝሊን ደርቡበት። ድብልቁን ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ አዘጋጁ። ለፀጉር በዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ «ቤሄንትሪሞኒየም ክሎራይድ» ወይም «ሴትሪሞኒየም ክሎራይድ» ያለበት ኮንዲሽነር ይበቃል፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው፤ ፀጉር ላይ በመቅረት ረገድ ከተወራለት ጥቅል አያንሱም።

ጥቅሉን እጃችሁ ላይ ካገኛችሁት ከስቲከሩ ሥር ሌላ ጽሑፍ እንዳለ በጥፍራችሁ ሞክሩ። የአምራቹና የአስመጪው ስም፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን የሌለው፣ ወይም ከክዳኑ ሥር ያለው እሽግ የተነቀለ ከሆነ አትረከቡ። አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ የማስታወቂያውን ስክሪን ሾት፣ የቴሌብር ማረጋገጫውን፣ የጠርሙሱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አስቀምጡ፤ ቻናሉ ጽሑፉን ሊያጠፋው ስለሚችል ስክሪን ሾቱን ገንዘባችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት አንሱ። ሻጩ እምቢ ካለ ማስረጃውን ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የተነቀለ እሽግ፣ የተለጠፈ ስቲከር ወይም ቆዳ ያቃጠለ ምርት ከሆነ ደግሞ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ደውላችሁ የምርቱን መለያ ቁጥር ንገሯቸው፤ የተረፈውን ፈሳሽም ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ አቆዩት።