አዳማ ላይ የገዛሁት የስኳር መለኪያ፦ ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ስትሪፑ ግን ፈተና ሆኖብናል

አባዬ ስኳር እንዳለበት ካወቅን 4 ዓመት ሆነን። ኢንሱሊን ይወጋል። የሚለካው ግን በወር አንዴ ቀጠሮ ሲደርስ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ስኳሩ ወርዶ ላብ በላብ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ሳየው አላስቻለኝም፣ የዚያኑ ቀን ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ ፋርማሲ መለኪያውን ገዛሁለት።

ማሽኑን ወድጄዋለሁ። ቁጥሩ ትልልቅ ስለሆነ አባዬ ያለ መነጽር ያነበዋል። ትንሽ ጠብታ ደም ይበቃዋል፣ በ5 ሰከንድ ውጤቱን ያሳያል።

ችግሩ ስትሪፑ ነው፤ ደም ነክቶት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው፣ አንዴ ተለክቶበት የሚጣለው ቁራጭ ማለቴ ነው። ማሽን አንዴ ነው የሚገዛው፣ ስትሪፕ ግን ሁሌ ነው፤ በቀን 2 ጊዜ ከለካ 50 ፍሬ ወር እንኳ አይደርስም። ሲያልቅ ወደገዛሁበት ብመለስ የለም፣ ሌላም ጋ የለም፣ የሌላ ማሽን ስትሪፕ ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ የማሽኑን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ስትሪፑ ሳይቋረጥ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ።

የአዳማን ሙቀትም አትርሱ። የስትሪፑ ዕቃ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል፣ እኛ ግን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ትተነው የማይመስል ቁጥር ማሳየት ጀመረ። አዲስ ስትሪፕ ስናስገባ ተስተካከለ። አሁን ክዳኑን ገጥመን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። ፍሪጅ ውስጥ የሚገባው ኢንሱሊኑ ነው እንጂ ስትሪፑ አይደለም።

እሁድ ቡና ላይ ጎረቤቶች «እስቲ እኛንም» አሉና ጣት የሚወጋበትን መርፌ ለእያንዳንዱ ሰው እየቀየርን ለካን። አንዷ ጎረቤታችን፣ ምንም አያመኝም የምትለው፣ 287 አሳየባት! በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ በላብራቶሪም ስኳር መሆኑ ተረጋገጠ። ለካ ውሃ ውሃ ይላት፣ ሌሊትም ለሽንት ትመላለስ ኖሯል፤ እሷ ግን የአዳማ ሙቀት ነው ብላ ትታው ነበር። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት አገራችን ውስጥ 1.9 ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች ስኳር አለባቸው፣ በአፍሪካ ደግሞ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። ከዚያ እሁድ በፊት እሷም ከነዚህ አንዷ ነበረች።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ያስቀነሰው ስትሪፑ ነው። አዳማ ውስጥ ስትሪፕ የማይጠፋበት ፋርማሲ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አሁን ለሁለት ቤት ነው የምፈልገው።