ለስልካችን የእጅ ኢሞጂዎች ለምን 3 ኮከብ ብቻ ሰጠሁ?

አውራ ጣት ወደ ላይ፣ የተገጠሙ መዳፎች፣ ጭብጨባ፣ የተጨባበጡ እጆች። በቀን ስንቴ እንደምነካቸው ቆጥሬ አላውቅም። ከስንቱ አፕ በላይ የምገለገለው በእነዚህ ነው፤ ስለ እነሱ ሪቪው የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔው ልጻፍ። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻቸዋለሁ።

ነገሩ ያሳሰበኝ ከአንድ የቅርብ ጓደኛዬ ጋር ከተቀያየምን በኋላ ነው። ስራውን ሊለቅ እንዳሰበ፣ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እንዳጣ የሚናገር ረጅም ቴክስት ላከልኝ። ስክሪኑን ሁለቴ ወደ ላይ ገፍቼ ነው የጨረስኩት። ሰው መሀል ስለነበርኩ አውራ ጣት ላክሁለት። በእኔ ቤት «አንብቤዋለሁ፣ አብሬህ ነኝ፣ ማታ እደውላለሁ» ማለቴ ነው። ማታ ስደውል አላነሳም። በማግስቱም አላነሳም። ከ9 ቀን በኋላ ስንገናኝ ቻቱን ከፍቶ ስልኩን ፊቴ ላይ ያዘው። ከላይ ያ ሁሉ ጽሁፍ፣ ከስር አንዲት ቢጫ አውራ ጣት። «ይቺ ምን ማለት ናት? በቃ ገባኝ፣ ተወኝ ነው አይደል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በእሱ ዓይን ሳያት እውነትም እንደዚያ ትመስላለች።

ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። በአካል ስንገናኝ እጅ ብቻውን አያወራም። ፊታችን አለ፣ ድምፃችን አለ፣ ጣቱን ያነሳንበት ፍጥነት አለ። ኢሞጂው ይህን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ ጣቱን ብቻ ይልካል። ጣቱ ደግሞ ለብቻው ሲሆን የፈለጉትን ትርጉም ይሸከማል። በኢራንና በኢራቅ አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር ከድሮ ጀምሮ ከባድ ስድብ ነው። ጠላቂ ዋናተኞች ውሃ ውስጥ ሆነው አውራ ጣት ካሳዩ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለታቸው ነው፤ «ደህና ነኝ» ለማለት ሌባ ጣታቸውን ከአውራ ጣታቸው ጋር አጋጥመው ክብ ይሠራሉ። የሮማ ተመልካቾችም ለተሸነፈ ግላዲያተር፣ ማለትም ለትዕይንት ለሚፋለም ተዋጊ፣ አውራ ጣታቸውን ያዞሩ እንደነበር የላቲን ጽሁፎች ይናገራሉ፣ ወዴት እንደሚያዞሩት ግን በግልጽ ስለማይናገሩ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ወደ ታች ሞት ነው የሚለውን በብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የተከለው እ.ኤ.አ. በ1872 ፈረንሳዊው ዣን ሊዮን ዤሮም የሳለው ሥዕል ነው።

ክርክሩ ፍርድ ቤትም ገብቷል። በካናዳ ሳስካቸዋን ግዛት አንድ እህል ገዢ የተልባ ውል ፈርሞ ፎቶውን ለአንድ ገበሬ ላከለትና እንዲያረጋግጥለት ጠየቀው። ገበሬው አውራ ጣት መለሰ። ተልባው ሳይመጣ ቀረ። ገበሬው «ውሉ ደርሶኛል ማለቴ እንጂ ተስማምቻለሁ ማለቴ አይደለም» አለ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2023 ያቺ አውራ ጣት እንደ ፊርማ ትቆጠራለች ብለው ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2024 መጨረሻ ውሳኔውን አጸናው። ይህን ሳነብ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። «ደርሶኛል» እና «እሺ» በአንድ ምልክት ሲላኩ አንዱ ወገን መጎዳቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ አሰያየማቸው ነው። ኢሞጂዎችን የሚያጸድቀውና ስም የሚሰጠው ዩኒኮድ የሚባለው ድርጅት ነው። አንዳንዶቹን በቅርጻቸው ሰየማቸው፤ «ወደ ላይ የተቀሰረ አውራ ጣት»፣ «የተገጠሙ እጆች»። እነዚህን ወድጃቸዋለሁ፣ ያዩትን ብቻ ነው የሚናገሩት። ሌሎቹን ግን በትርጉማቸው ሰየማቸው፤ «የኦኬ እጅ»፣ «የድል እጅ»፣ «ደውልልኝ እጅ»። የማን ትርጉም? ክቧ «ኦኬ» በብራዚል ጸያፍ ናት፣ በጃፓን ገንዘብ ናት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንተርኔት እንደ ማታለያ የተጀመረ ወሬ የነጭ ዘረኞች ምልክት አደረጋት፣ በ2019 ጥላቻን የሚከታተለው አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ የተባለ ድርጅት ከጥላቻ ምልክቶች መዝገብ አስገባት፣ አብዛኛው ሰው ግን ዛሬም በንጹህ ልብ እንደሚጠቀምባት ድርጅቱ ራሱ ያስጠነቅቃል። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት የተዘረጉባት «ደውልልኝ» ሃዋይ ውስጥ ሻካ ትባላለች፣ የሰላምታና የወዳጅነት ምልክት ናት እንጂ ከስልክ ጋር ምንም አያገናኛት። ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማየት የተሳነው ሰው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ይህንኑ ስም ነው።

ሁለት ጣት እንደ V የቀሰረችው የድሏ እጅ መዳፏን ወደ እኛ አዙራ መሳሏ ጥሩ ነው። እንግሊዝና አውስትራሊያ ውስጥ የእጁ ጀርባ ወደ ተመልካች ከዞረ ስድብ ይሆናል። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ካንቤራ ውስጥ ከመኪናቸው ሆነው ሁለት ጣታቸውን በዚያው አቅጣጫ አሳይተው መነጋገሪያ ሆነዋል።

የምወደውንም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀችው፣ አምስቱ ጣቶች ጫፋቸው የተገጠመባት እጅ ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። ጣሊያኖች «ምን ፈልገህ ነው?» ብለው ያፋጥጡባታል፣ አረቦች «ቆይ፣ ታገስ» ይሉባታል። አንዱ ያጣድፍባታል፣ ሌላው ያረጋጋባታል። ስሟ ግን ቅርጿን ብቻ ስለሚናገር ለማንም አላዳላችም። የቆዳ ቀለም ምርጫው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨመሩም በጣም ደስ ብሎኛል፣ እጁ የራሴን እጅ መምሰሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የተገጠሙት መዳፎች ላይ አልከራከርም። ጸሎት ነው የሚል አለ፣ ሃይ ፋይቭ፣ ማለትም ሁለት ሰዎች በደስታ መዳፍ ለመዳፍ ሲመታቱ፣ ነው የሚል አለ፣ ኢሞጂ በተወለደበት በጃፓን ደግሞ ለመለመንም ለማመስገንም ይሆናል። ሦስቱም ደግ ነገር ስለሆኑ ተሳስቶ ያነበበ ሰው ብዙም አይጎዳም።

ለኪቦርድ ሠሪዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ኢሞጂውን ተጭኜ ስይዘው ቀለም ብቻ አታሳዩኝ፣ ስሙንም አሳዩኝ፣ ሌላ አገር ምን ማለት እንደሆነም በአንድ መስመር ጻፉልኝ። ያኔ አንድ ኮከብ እጨምራለሁ። አምስተኛዋን አልሰጥም፣ ፊትና ድምፅ የሌለው እጅ የቱንም ያህል ቢያምር ይጎድለዋል።

ጓደኛዬ ስራውን ለቋል። ባለፈው ሳምንት ስለ አዲሱ ስራው ደግሞ ረጅም ቴክስት ጻፈልኝ። ጣቴ ወደ ኢሞጂው ሲሄድ አቆምኩትና ወዲያው ደወልኩለት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።