መደርደሪያ ተሸካሚ ወይስ ጋሪ ሮቦት? ለመጋዘን ከመግዛታችሁ በፊት

«መጋዘናችን ውስጥ ሮቦት ልናስገባ ነው፤ የቱ ይሻላል?» ይህን ጥያቄ ወዳጆቼ እየደጋገሙ ስለሚጠይቁኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል። ሥራዬ የመጋዘን ሮቦት መግጠምና መጠገን ነው። ስለዚህ ብሮሹር ላይ ያለውን እዚህ አታገኙትም። ዳኝነቴንም ከአሁኑ ልናገር፦ አነስተኛ ወይም መካከለኛ መጋዘን ካላችሁ ጋሪ ሮቦቱን ውሰዱ።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው። መደርደሪያ ተሸካሚው ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ሮቦት ነው። ከመደርደሪያው ሥር ይገባል፣ ብድግ ያደርገዋል፣ አንድ ቦታ ቆሞ ወደሚጠብቀው ሠራተኛ ይዞት ይመጣል። መንገዱን የሚያውቀው ወለሉ ላይ በተለጠፉ ኮዶች ነው። ጋሪ ሮቦቱ ሲሠራ ግን መደርደሪያዎቹ ካሉበት አይነቃነቁም። እሱ በሌዘር አካባቢውን እያየ በሰዎች መካከል ይሄዳል፤ ዕቃው ያለበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ሠራተኛው ስክሪኑን አይቶ ዕቃውን አንስቶ ይጭንበታል። ሲሞላ ብቻውን ወደ ማሸጊያው ይሄዳል። እንደ አውቶስቶር ያሉትን ሣጥን በሣጥን ላይ የሚደረድሩ ትላልቅ ሲስተሞች ዛሬ አልነካቸውም። የእነሱ በጀት ሌላ ዓለም ነው።

ሮቦት በሌለበት መጋዘን ዕቃ ለቃሚው ከጊዜው ግማሽ ያህሉን የሚፈጀው በእግሩ በመመላለስ ነው። ሁለቱም ሮቦቶች የሚሸጡት «ይህን ምልልስ እንቀንሳለን» ተብሎ ነው። መደርደሪያ ተሸካሚው ጨርሶ ያስቀረዋል። ጋሪው ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ውድድሩ በፍጥነት ብቻ ቢሆን መደርደሪያ ተሸካሚው ያሸንፋል፤ ክርክር የለኝም። ግን በፍጥነት ብቻ ማን ገዛ?

ወደ ዋጋው

ሻጭ ቀድሞ የሚነግራችሁ የአንዱን ሮቦት ዋጋ ነው። እዚህ ላይ መደርደሪያ ተሸካሚው ረከስ ብሎ ይታያል። ሰው በማይገባበት ክልል ውስጥ ስለሚሠራ፣ ሰው ሲጠጋ ሮቦቱን የሚያቆመው ውዱ የሴፍቲ ሌዘር ስካነር አያስፈልገውም። ያ ስካነር ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ ጋሪ ሮቦት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ይገጠማሉ። «ይኼኛው እኮ በጣም ርካሽ ነው» ሲሏችሁ ታዲያ አትቸኩሉ። የቀረው ወጪ ሌላ ገጽ ላይ ነው ያለው።

ወለሉ ሜዳ መሆን አለበት። የተሰነጠቀ፣ ያበጠ፣ የሰመጠ ኮንክሪት ካላችሁ መጀመሪያ እሱ ይጠገናል። ያሏችሁ መደርደሪያዎች አይሆኑም፤ ሮቦቱ ሥራቸው ገብቶ የሚያነሳቸው ልዩ መደርደሪያዎች ይገዛሉ። ሠራተኛው የሚቆምበት ጣቢያ ከነስክሪኑና ከነባርኮድ ማንበቢያው ይሠራል። ክልሉ ይታጠራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁለት ሦስቱን ገዝቶ መሞከር የማይቻል መሆኑ ነው። መጋዘኑን ወይም ከፊሉን አፍርሶ በአንዴ መግባት ይጠይቃል።

ጋሪውስ? እሱም የራሱ የተደበቀ ሂሳብ አለው። በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ የራሳችሁን ፕሮፎርማ አስገብታችሁ ሥሩት። አንዱ ሮቦት 35 ሺህ ዶላር ነው እንበል። አምስት ገዛችሁ፤ 175 ሺህ። ከመጋዘን ሶፍትዌራችሁ ጋር ለማገናኘት 40 ሺህ፣ ለሁለት ቻርጀር 6 ሺህ። እስካሁን 221 ሺህ ደረሰ። ለሶፍትዌር ፈቃድና ለጥገና ውል በየዓመቱ የሮቦቶቹን ዋጋ 15 በመቶ ጠየቋችሁ፤ 26,250 ዶላር። በአምስት ዓመት 131,250 ይሆናል። በመሐል ባትሪ ትቀይራላችሁ፤ ለእያንዳንዱ 4 ሺህ ብንል 20 ሺህ። ድምሩ 372,250 ዶላር ነው። በ175 ሺህ የተጀመረው ነገር ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። አለቃችሁ ዘንድ ይዛችሁ የምትገቡት ቁጥር ይህ ይሁን።

ኪራይም አለ። እዚያው ምሳሌ ላይ አንዱ ሮቦት በወር 1,500 ዶላር ቢከራይ አምስቱ በወር 7,500 ናቸው። የማገናኛው 40 ሺህ ግን አይቀርም። በሁለት ዓመት ኪራዩ 220 ሺህ ይፈጃል፤ ግዢው በዚያው ጊዜ 273,500 ወስዷል። የኪራዩና የግዢው ወጪ እኩል የሚሆነው 34ኛው ወር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ኪራይ ያስወድዳል፤ በአምስት ዓመት 490 ሺህ ይደርሳል። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ እንደሚኖራችሁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተከራዩ። እርግጠኛ ከሆናችሁ ግዙ። ገበያ በሚደራበት ወቅት ብቻ ተጨማሪ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ቀላቅሉ። ይህን መቀላቀል የሚፈቅድላችሁ ጋሪው ነው። የታጠረ ክልል በኪራይ ለሁለት ወር ማስፋት አይቻልም።

ሲበላሽ

እኔን ወደ ጋሪው ያዘነበለኝ በዋናነት ብልሽት ነው። መደርደሪያ ተሸካሚ ባለበት ክልል አንድ የሻምፑ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ወድቆ መንገድ ላይ ተኛ እንበል። ሰው ዝም ብሎ ገብቶ አያነሳውም። ክልሉ ወይም ከፊሉ ይዘጋል፣ ሮቦቶቹ ይቆማሉ፣ የተፈቀደለት ሰው ይገባል፣ ያነሳል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይነሳል። አማዞን እንኳን እ.ኤ.አ. በ2019 ለቴክኒሻኖቹ ሮቦቶች ከሩቅ የሚለዩት ልዩ ቀበቶ መሰል ልብስ ያስተዋወቀው ለዚህ ነው። ትንሽ መጋዘን ያን ቅንጦት ከየት ያመጣል? ኮዱም ራሱ ጉድ ነው። ጎማ ሲመላለስበት ይፋቃል፣ አቧራ ይሸፍነዋል። አንዱ ሳይነበብ ሲቀር ሮቦቱ ይቆማል፤ ከኋላው ያሉት ይሰለፋሉ።

ጋሪው ሲሞት የሚሞተው እሱ ብቻ ነው። የፍሬን መልቀቂያውን ትጫናላችሁ፣ ገፋ አድርጋችሁ ጥግ ታስይዙታላችሁ፣ ሥራ ይቀጥላል። አምስቱም ቢሞቱ መደርደሪያዎቹ ቦታቸው ናቸው። ሰው የድሮውን ጋሪ ይዞ ይለቅማል። ይዘገያል እንጂ ደንበኛ «ዕቃዬ የት ደረሰ» ብሎ ሲደውል የምትመልሱት አይጠፋም።

ጋሪው መልአክ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ዋይፋይ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው ሲሸጋገር ይደነዝዛል፤ ከብልሽት ጥሪዎች ስንቱ የኔትወርክ ሆኖ እንደሚገኝ ብታዩ ትስቃላችሁ። የሚያብረቀርቅ ላስቲክ የተጠቀለለ ፓሌት ሌዘሩን ያምታታል። መደርደሪያ አንቀሳቅሳችሁ ካርታውን ካላደሳችሁለት ያለበት ይጠፋዋል። ስካነሩ የሚያየው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ባለ አንድ ቀጭን ንጣፍ ስለሆነ ከዚያ በላይ ወጣ ብሎ የቀረ ነገር፣ ለምሳሌ ከፍ ተደርጎ የተተወ የፎርክሊፍት ሹካ፣ ላይታየው ይችላል። ለዚህ ተጨማሪ ካሜራ ያለው ይሻላል። ሌላውን ዝርዝር ብሮሹሩ ላይ አንብቡት።

ፎርጅዱ

አንድ መጋዘን «ያው ነው፣ ግን በግማሽ ዋጋ» የተባሉ ጋሪ ሮቦቶች ገዝቶ ለጥገና ጠራኝ። ከውጭ ሲታዩ እውነትም ያው ናቸው። ቢጫው ስካነር ቦታው ላይ አለ። ስንከፍተው ውስጡ ያለው ለካርታ ማንሻ የሚሆን ተራ ሌዘር ነው፤ የቤት መጥረጊያ ሮቦት ላይ የሚገጠም ዓይነት። ቢጫው ቀለም ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ቀዩ የድንገተኛ ማቆሚያ ቁልፍ ዞርን። ሽቦው የሞተሩን ኃይል በመቁረጥ ፋንታ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ቁልፉን ስትጫኑት ለሶፍትዌሩ «እባክህ ቁም» የሚል መልእክት ይልካል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ተንጠልጥሎ ከሆነስ? ማንም አይሰማችሁም። የጎማው የፖሊዩሬቴን ሽፋን ደግሞ ከብረቱ እየተላቀቀ ነበር። ባትሪውን ስንፈታው ሌላ ቦታ ያገለገሉ ሴሎች አዲስ ላስቲክ ለብሰው አገኘን። ባለቤቱ ግማሽ ዋጋ ከፈለ፤ እኔ ግን ሰው መሐል ሲሄዱ ማየት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ። ሮቦቱ እየሄደ የስካነሩን ገመድ ንቀሉ፤ ወዲያው መቆም አለበት። የሮቦቱን ዋና ኮምፒውተር አጥፉና ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ፤ ሞተሩ ኃይል ማጣት አለበት። ፍሬኑ ሳይለቀቅ ግፉት፤ እንቢ ማለት አለበት። ሹፌር አልባ የመጋዘን ተሽከርካሪዎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 3691-4 ይባላል። እሱ ለፍተሻ ከሚጠቀምባቸው ነገሮች አንዱ ውፍረቱ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ነው፤ የሰው እግር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ጥቁር ቀብታችሁ ሮቦቱ በሚሄድበት መንገድ ላይ አቁሙ። ሻጩ «ይህ አያስፈልግም» ካለ መልሱን አገኛችሁ። የመስፈርቱን ሰርተፍኬትም ጠይቁ፤ የሞዴሉ ቁጥር ሮቦቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አይታችሁ።

ባትሪ ላይ ፈጽሞ አትቆጥቡ። የእንግሊዙ የኦንላይን ሱፐርማርኬት የኦካዶ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 እንግሊዝ አንዶቨር ያለው ትልቅ ሮቦታዊ መጋዘኑ በእሳት ወደመ፤ መነሻው የሮቦት ባትሪ መሙያ ላይ የተፈጠረ የኤሌክትሪክ ችግር ነበር። በሐምሌ 2021 ደግሞ ኤሪት ባለው መጋዘኑ ሦስት ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነሳ። እነዚያ ሮቦቶች ዛሬ የማወዳድራቸው ዓይነት አይደሉም፤ ኩባንያውም ገንዘብ ያለው ነው። ያም ሆኖ የደረሰው ደረሰ። ቻርጀሩን ከዕቃው አርቁት፤ ሌሊት ማንም በማያየው ጥግ አታስቀምጡት።

ሻጩ ቢጠፋስ?

መደርደሪያ ተሸካሚውን ታዋቂ ያደረገው ኪቫ ሲስተምስ የሚባል ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አማዞን በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛውና ለሌላ መሸጥ ቆመ። በኪቫ ሮቦቶች ይሠራ የነበረው፣ የሌሎችን ዕቃ አከማችቶ የሚልክ ኳየት ሎጂስቲክስ የሚባል ድርጅት ተንጠልጥሎ ቀረ። መላ ቢጠፋው የራሱን ሮቦት መሥራት ጀመረ፤ ሎከስ ሮቦቲክስ የተወለደው እንዲህ ነው። የሠራው ምን ዓይነት ነው? ጋሪ ሮቦት። ተሸካሚውን አሳምሮ የሚያውቅ ድርጅት ሲቸግረው የመረጠውን ልብ በሉ። የጋሪ ሻጮችም ቢሆኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ሲክስ ሪቨር ሲስተምስን ሾፒፋይ በ2019 በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 ለኦካዶ አሳልፎ ሰጠው።

ልዩነቱ ጉዳቱ ላይ ነው። የጋሪው ሻጭ ቢጠፋ ጋሪዎቹን አውጥታችሁ ሌላ ታስገባላችሁ። የተሸካሚው ቢጠፋ መደርደሪያው፣ ኮዱ፣ ጣቢያው ሁሉ ከእሱ ጋር የታሰረ ነው። ውል ስትፈርሙ ቪዲኤ 5050 የሚባለውን የጋራ መገናኛ ቋንቋ ይደግፍ እንደሆነ ጠይቁ። እሱ ካለ የአንዱን ፋብሪካ ሮቦት በሌላው መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ለመምራት ዕድል ይኖራችኋል። ጎማ፣ ባትሪና ስካነር መለዋወጫው በስንት ቀን እንደሚደርስም በጽሑፍ ይቀመጥ። «በቶሎ» የሚል ቃል ውል ውስጥ ካለ አስፍቁት።

ተሸካሚውን የምመክረው ለማን ነው? ሕንፃው የራሱ ለሆነ፣ አሥር ዓመት ለማይንቀሳቀስ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዓይነት ትናንሽ ዕቃ ለሚይዝ፣ ቀንና ሌሊት በፈረቃ ለሚሠራ፣ የራሱ ቴክኒሻን ላለው። ይህ ሁሉ ከተሟላ ፍጥነቱ ወጪውን ይመልሳል። ከአምስቱ ሁለቱ ከጎደለ ግን አልሞክረውም።

ያገለገለ ልግዛ የሚሉም አሉ። ጎማው፣ ሞተሩ፣ ስካነሩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው አርጅቷል ብላችሁ ቁጠሩት። ዋናው ግን የሶፍትዌሩ ፈቃድ ነው። ብዙ ጊዜ ፈቃዱ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፤ አምራቹ ወደ እናንተ ካላዞረው ሮቦቱ ይበራል እንጂ ትዕዛዝ አይቀበልም። ፈቃዱ በስማችሁ ሲዞር በዓይናችሁ እዩ። ካልሆነ ዋጋውን በብረት ኪሎ ተደራደሩ።