ለፏፏቴ ካምፒንግ «ሁሉን ያካተተ» ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው የሳምንት መጨረሻ፣ ከታናሽ ወንድሜና ከሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘውን የፊንጫ ሃበራ ፏፏቴ ለማየት ተነሣን። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በአንድ ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ላለው የጉዞ አዘጋጅ ለእያንዳንዳችን 14,500 ብር፣ በድምሩ 58,000 ብር ከፈልን። ከጉዞው የተመለስነው የተገባልንን ውል አብዛኛውን ሳናገኝ፣ ተጨማሪ ገንዘብ አውጥተንና አንደኛው ባልደረባዬ ታሞ ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያው ማስታወቂያ፣ በዚያው ፎቶና በዚያው ቃል፣ ለፋሲካ ሰሞን ጉዞ እንደገና በቴሌግራም ሲዘዋወር ማየቴ ነው። የአዘጋጁን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ጉዳዩን በአቤቱታ ይዤዋለሁ። አሠራሩ ግን የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን ከጉዞው በኋላ ካነጋገርኳቸው ሰዎች ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ በየትኛውም አዘጋጅ በኩል ወደ ደጋው ፏፏቴዎች ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ዝርዝሩን ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

ማስታወቂያው የሚስብ ነበር። ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት፣ «ፏፏቴው ሥር ድንኳን ውስጥ አዳር»፣ መጓጓዣ፣ ምግብ፣ ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ አስጎብኚና ፈረስ «ሁሉን ያካተተ» ይላል። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡንም በትልልቅ ፊደላት አስፍሯል፤ ይህ እውነት ነው። እኔን በተለይ የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ፊንጫ ሃበራ ላይ ባለው የዋሻ መጠለያ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደነበር፣ ያውም በአቅራቢያው ያሉት ከፍታዎች በበረዶ ግግር በተሸፈኑበት ዘመን፣ ትልልቅ ፍልፈሎችን እያደኑና እየጠበሱ ይመገቡ እንደነበር በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት አመልክቷል። ይህን ካነበብኩበት ቀን ጀምሮ ቦታውን በዓይኔ ለማየት እመኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጉጉት ያለው ሰው ጥያቄ ማብዛት እንደማይሆንለት አሁን ይገባኛል፤ ማስታወቂያውም የተጻፈው ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ስሕተታችን የተፈጸመው ገና አዲስ አበባ ሳለን፣ በክፍያው ጊዜ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «ደረሰኝ ከፈለጋችሁ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል» ተባልኩ። ይህ ንግግር ከተማችን ውስጥ ከመለመዱ የተነሣ ማንም አይደነግጥበትም፤ እኔም አልደነገጥኩም። ከዚያ ገንዘቡን በድርጅቱ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንድናስገባ ተነገረን፤ በሞባይል ባንኪንግ የማስተላለፊያ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይም «ብድር» ብለን እንድንጽፍ ተጠየቅን። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ለእኛ ሒሳብ አያያዝ ይቀለናል» የሚል መልስ አገኘሁ። እኔና ወንድሜ እንደተባልነው ጻፍን። ዛሬ በእጄ ያለው ብቸኛ የክፍያ ማስረጃ፣ ለማላውቀው ሰው 29,000 ብር ያበደርኩ የሚያስመስል ወረቀት ነው። ማንም ሰው ለአገልግሎት የከፈለውን ገንዘብ «ብድር» ወይም «ስጦታ» ብላችሁ ላኩ ቢላችሁ፣ እዚያው ላይ ንግግሩን አቋርጣችሁ ውጡ።

መነሻችን ከመስቀል አደባባይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር፤ አውቶቡሱ የመጣው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በአዳማ፣ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን፣ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝባት ዲንሾ ስንደርስ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዲንሾ ወደ ፊንጫ ሃበራ የሚወስደው መንገድ በዌብ ሸለቆ በኩል የሚያስኬድ የብዙ ሰዓት የእግር ጉዞ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ተነሥቶ ፏፏቴው ጋ ማደር የሚታሰብ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ሄደ። ርቀቱን የሚያውቅ አዘጋጅ ይህን አስቀድሞ ማስላት ነበረበት፤ በሦስት ቀን ውስጥ ደርሶ መልስ 800 ኪሎ ሜትር መንገድ ከተነዳ በኋላ ለእግር ጉዞው የሚቀረው በተግባር አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። አዘጋጁ ሃያ ሁለታችንን ሰብስቦ ለፓርክ መግቢያ፣ ለካምፕ፣ ለአስጎብኚና ለፈረስ የሚከፈል 2,600 ብር በነፍስ ወከፍ እንድናዋጣ ጠየቀ። ማስታወቂያውን ከስልኬ አውጥቼ ሳሳየው «ሁሉን ያካተተ ያልነው እስከ ፓርኩ በር ያለውን ነው» አለኝ። ከቤታችን 400 ኪሎ ሜትር ርቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ ተመልሶ የሚሄድ ሌላ መኪና በሌለበት ቦታ ስለነበርን ሁላችንም ከፈልን። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ተጨማሪው ሒሳብ የሚመጣው እምቢ ማለት የማይቻልበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ነው። በማግሥቱ የተቆረጡትን ደረሰኞች ከአስጎብኚው ጠይቄ ፎቶ አነሣኋቸው። ተደምረው ለ22 ሰው ሲካፈሉ ከእያንዳንዳችን ከተሰበሰበው ግማሹን እንኳ አይሞሉም። ይባስ ብሎ ዕቃችንን በፈረስ የጫኑልን ሰው ከሒሳባቸው ግማሹ እንዳልተከፈላቸው በመጨረሻው ቀን ነገሩኝ።

የሌሊቱን ነገር ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ፤ ገንዘብ ይተካል፣ ይህ ግን በሰው ጤና ላይ የተሠራ ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች እኛ ብርድ የለመድን ይመስለናል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ግን ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፣ ፊንጫ ሃበራ ደግሞ ወደ 3,500 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ላይ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ቀን የተሰበሰበው ሙቀት ሌሊት ላይ የሚያግደው ደመና ያጣና ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። የተሰጠኝን ስሊፒንግ ባግ በባትሪ ብርሃን ስመረምረው ከዚፑ ሥር በምትገኘው ትንሽ ጨርቅ ላይ የሚመችበት የሙቀት መጠን 15 ዲግሪ እንደሆነ ተጽፎ አነበብኩ። ለቆላ ሐይቅ ዳር የሚሆን ዕቃ ነው። ድንኳኑ ለሁለት ሰው የተሠራ ሲሆን አራት ሆነን ገባንበት፤ አንደኛው ዘንጉ ተሰብሮ በፕላስተር የተጠቀለለ ስለነበር ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ወደቀብን። ሲነጋ በድንኳኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ የራሳችን ትንፋሽ በረዶ ሆኖ ተጋግሮ ነበር፤ ወንድሜ በእጁ ሲነካው እንደ ጨው ረገፈ። ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ መንቀጥቀጡ አላቆም ስላለው አስጎብኚውን ቀስቅሰን፣ የፈረሶቹ ባለቤት የራሳቸውን ሁለት ጋቢ ሰጡን። ያ ጋቢ ባይኖር ምን እንደምናደርግ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ቁርስ ዘግይቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ተነሣን። ከእኛ መካከል እንቅልፍ ያላገኙት፣ አንደኛውን ባልደረባዬን ጨምሮ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ጀመራቸው፤ አስጎብኚው የከፍታው ሕመም መሆኑን ተረድተው ወደ ላይ መቀጠል እንደማይገባቸው በመንገር መለሷቸው። አዘጋጁ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አንሥቶልን አያውቅም። የቀረነው ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፏል። ቦታው ውብ ነው፤ ሸለቆው፣ ገደሉ፣ በሣሩ መካከል እየሾለከ የሚያልፈው ቀይ ቀበሮ፣ እነዚህን ማንም ሊነጥቀን አልቻለም። ፏፏቴው ግን በፎቶው ላይ ያየነው አልነበረም። በማስታወቂያው ላይ ገደሉን ሞልቶ የሚወርድ ድፍርስ ጎርፍ ይታያል፤ እኛ ያገኘነው በድንጋዩ ላይ የሚንሸራተት ቀጭን የውኃ ክር ነው። አስጎብኚው ገጼን አይተው «እህቴ፣ ፏፏቴውን ብላችሁ ከሆነ በመስከረምና በጥቅምት ነበር መምጣት፤ አሁን ውኃው ዐርፏል» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተን፣ ሳይመሽ ለመመለስ ስንል የዋሻውን መጠለያ ሳናየው ተነሣን። ሁለተኛዋንም ሌሊት ያደርነው ዲንሾ ነው።

ስለ ወቅቱ ይህን ልጨምር። የደጋው ፏፏቴዎች ሕይወታቸው ዝናቡ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ500 ሜትር በላይ የሚወረወረው የጅንባር ፏፏቴም ክረምቱ ካለፈ ወራት በኋላ ሲታይ በነፋስ የሚበተን ጭላጭ ይሆናል። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው ጢስ ዓባይ ደግሞ ከዝናቡ ሌላ ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በደረቁ ወራት ይበልጥ ይሳሳል። እነዚህን ቦታዎች በጥር ወይም በየካቲት መጎብኘት ስሕተት አይደለም፤ መንገዱ ደረቅ ነው፣ አራዊቱም ይታያሉ። የነሐሴን ፎቶ ለጥፎ የጥርን ጉዞ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ፎቶውን የላከላችሁን ሰው በየትኛው ወር እንደተነሣ ጠይቁት፤ የአምናውን የዚያኑ ወር ፎቶ እንዲያሳያችሁም አድርጉ።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ወደ ቢሮው ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ይቅርታ ጠይቀው «እናስተካክላለን» አሉ፤ በሁለተኛው ቀን ጉዞውን ያካሄደው ድርጅቱ ሳይሆን አንድ በኮሚሽን የሚሠራ ልጅ መሆኑን ነገሩኝ፤ በሦስተኛው ቀን ማስታወቂያው ከቴሌግራም ተሰርዞ ነበር። ደግነቱ ወንድሜ ከመጀመሪያው ስክሪን ሹት አድርጎ አስቀምጦታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አቤቱታዬን በዚሁ መሠረት አቅርቤያለሁ፤ ተቀብለውኛልም። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን «ደረሰኝ አለዎት?» የሚል ነበር።

ስለዚህ ወደ አንድ አዘጋጅ ስትሄዱ የንግድ ፈቃዱንና በአስጎብኚነት ሥራ የተሰጠውን የብቃት ማረጋገጫ ለማየት አትፈሩ፤ የንግድ ፈቃድን በቁጥሩ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን ሥርዓት ማጣራት ይቻላል። «ሁሉን ያካተተ» የሚለውን ቃል ተቀብላችሁ አትውጡ፤ የፓርክ መግቢያ፣ የካምፕ ክፍያ፣ አስጎብኚ፣ ፈረስ፣ ድንኳኑ የስንት ሰው እንደሆነ፣ ስሊፒንግ ባጉ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚያገለግል አንድ በአንድ በጽሑፍ አስፍረው እንዲፈርሙበት ጠይቁ። ለዚህ የሚያንገራግር ሰው ዲንሾ በር ላይ ምን እንደሚላችሁ ከወዲሁ ታውቁታላችሁ። ክፍያውን ከተቻለ ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹን በቅድሚያ፣ ግማሹን ስትመለሱ፤ ገንዘቡም የሚገባው በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ብቻ ይሁን። የመግቢያውን፣ የአስጎብኚውንና የፈረሱን ክፍያ ደግሞ ራሳችሁ ጽሕፈት ቤቱ ላይ ፈጽማችሁ ደረሰኙን መቀበል ትችላላችሁ። እኔ ከአሁን በኋላ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ሰዎቹም የላባቸውን ዋጋ ሙሉውን ያገኛሉ።

እስከ ዛሬ ለአራታችን የተመለሰልን ገንዘብ 3,000 ብር ነው። በዚያ ጉዞ ላይ አብራችሁን የነበራችሁ አሥራ ስምንት ሰዎች፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ፣ አቤቱታውን በጋራ ብናቀርበው ክብደት ይኖረዋል። የባንክ ወረቀታችሁን ፈልጉ፤ «ብድር» የሚል ተጽፎበትም ቢሆን አትጣሉት።