«ክሬዲት እናጸዳለን» የሚሉት ቢሮዎች፦ ገንዘባችሁን ያዙ

እዚህ ዲሲ አካባቢ ካሉት አንዱ ጋ ሄጄ ነበር። ከፍዬ የጨረስኩት የሆስፒታል ሂሳብ ክሬዲት ሪፖርቴ (የብድርና የክፍያ ታሪኬ መዝገብ) ላይ ኮሌክሽን፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ፣ ተብሎ ቁጭ ብሏል። ሰዎቹ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ክፈል አሉኝ፤ ይሄ በአሜሪካ ፌደራል ሕግ ክልክል ነው። ከሁሉም ያናደደኝ ግን እውነተኛ ዕዳም እናስጠፋለን ማለታቸው ነው። ውሸት! በትክክል የተመዘገበ የዘገየ ክፍያ እስከ 7 ዓመት ይቆያል።

ትቻቸው ወጣሁና ራሴ ጨረስኩት። ክሬዲት ሪፖርት የሚያወጡት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ሪፖርታቸውን በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣሉ፣ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ገብቶ ማውጣት ነው። ስህተቱ ለታየበት ለእያንዳንዱ ድርጅት ለየብቻ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ የከፈልኩበትን ደረሰኝ ኮፒ አያይዤ (ዋናውን በፍጹም እንዳትልኩ) በአደራ ፖስታ ላኩት። አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው። ደግሞም ሦስቱም ተከፍሎ ያለቀ የሕክምና ኮሌክሽን ሪፖርት ላይ ማስቀመጥ ካቆሙ ቆይተዋል፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። የኔም ተነሳ፤ ያወጣሁት የፖስታና የኮፒ ብቻ ነው።

ቢሮውን ለማንም አልመክርም። ፈርማችሁ ከሆነም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ምንም ክፍያ ውሉን ማፍረስ ትችላላችሁ፣ በጽሑፍ አሳውቋቸው።