ለበዓል ዝግጅት ትኬት መሸጫ የቱን እንምረጥ? ኢቨንትብራይት፣ ቲኬት ቴለር፣ የራስ ድረ ገጽ ወይስ ጉግል ፎርም

አዳራሹ ቀብድ ይፈልጋል። ድምፃዊው ግማሹን ሳይቀበል አውሮፕላን አይሳፈርም። ሳውንድ የሚያመጣውም እንደዚያው። ትኬቱ ተሸጧል፤ ገንዘቡ ግን የት ነው ያለው?

በዋሽንግተን ዙሪያ የእንቁጣጣሽና የገና ዝግጅት በሚያሰናዱ ኮሚቴዎች ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሶፍትዌር ሲመረጥ ሁልጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ፐርሰንት ይቆርጣል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ግን ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ እስከ ዝግጅቱ ቀን በማን እጅ ይቆያል የሚለው ነው። ኮሚቴ ሲጣላም፣ ዝግጅት ሲሰረዝም ያየሁት በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ በማን እጅ ነው?

ኢቨንትብራይት በ2006 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተ፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚታወቅ መሸጫ ነው። ክፍያውን ራሱ ይሰበስባል፤ ለአዘጋጁ የሚያስረክበው በመደበኛው አሠራር ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ባሉት ጥቂት የሥራ ቀናት ነው። የተወሰኑ አዘጋጆች ቀድመው የሚቀበሉበት መንገድ ቢኖርም አዲስ አዘጋጅ በዚያ ተማምኖ ውል መፈረም የለበትም። ስለዚህ ኢቨንትብራይትን የሚመርጥ ኮሚቴ ለቀብድ የሚሆን ገንዘብ ከሌላ ቦታ ማዘጋጀት አለበት።

ቲኬት ቴለር የእንግሊዝ ድርጅት ነው፤ አካሄዱም የተለየ ነው። ገንዘቡን አይነካም። በኢንተርኔት ክፍያ የሚቀበሉትን የስትራይፕ ወይም የፔይፓል አካውንታችሁን ታገናኛላችሁ፤ ገዢው የከፈለው በቀጥታ እዚያ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ስትራይፕ ብዙውን ጊዜ በሁለት የሥራ ቀን ወደ ባንክ ያስተላልፋል። አዲስ በተከፈተ አካውንት ግን የመጀመሪያው ክፍያ ከ7 እስከ 14 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ አካውንቱን ፖስተር ከማሠራታችሁ በፊት ክፈቱት።

ገንዘብ ቶሎ እጅ መግባቱ ደስ ይላል፣ ሸክሙም አብሮ ይመጣል። የእኛ ዝግጅቶች ለምን እንደሚራዘሙ ሁላችንም እናውቃለን፤ ድምፃዊው ቪዛ አያገኝም። ያን ጊዜ 300 ሰው ገንዘቡን ቢጠይቅና ቀብዱ አዳራሹ ዘንድ ቢሆን ከየት ይመለሳል? በዚያ ላይ ስትራይፕ ገንዘብ ስትመልሱ መጀመሪያ የቆረጠውን አይመልስላችሁም። ታዳሚው ባንኩ ጋ ሄዶ ክፍያውን ከተከራከረ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክርክር 15 ዶላር ያስከፍላል። ስለዚህ እንዲህ እመክራለሁ፦ ኮሚቴው አብሮ የቆየ፣ ገንዘብ ያዥ ያለውና በማኅበር ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ያለው ከሆነ ቲኬት ቴለር ይሻለዋል። ሦስት ጓደኛሞች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዘጋጁት ከሆነ ግን ገንዘቡ እስከ ቀኑ ኢቨንትብራይት ጋ ቢቀመጥ ለገዢውም ለጓደኝነታቸውም ይበጃል።

አሁን ከትኬቱ ወደሚቆረጠው ገንዘብ እንምጣ። ኢቨንትብራይት አሜሪካ ውስጥ በእያንዳንዱ ትኬት 3.7 ከመቶና 1.79 ዶላር፣ በዚያ ላይ ለክፍያ ማስተላለፊያ 2.9 ከመቶ ይወስዳል። የ50 ዶላር ትኬት ላይ ከ5 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። የ15 ዶላር ትኬት ላይ ግን ወደ 2.85 ዶላር ይደርሳል፤ የዋጋው አምስተኛ እጅ ገደማ ማለት ነው። የልጆች ትኬት በርካሽ የሚሸጥ ኮሚቴ ይህን ስሌት ቀድሞ ይሥራ። በቲኬት ቴለር በኩል ስትራይፕ 2.9 ከመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል፤ ቲኬት ቴለር ራሱ በትኬት ከአንድ ዶላር በታች የሆነ የማይለዋወጥ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ያው የ50 ዶላር ትኬት ከ3 ዶላር በታች ይወጣበታል። ነፃ ትኬት ሁለቱም ጋ ነፃ ነው።

ኢቨንትብራይት ለዋጋው ልዩነት የሚሰጠው ነገር ገበያውን ነው። ሰዎች «በዚህ ሳምንት ምን አለ?» ብለው እዚያ ይፈልጋሉ። የእኛ ታዳሚ ግን ዝግጅቱን የሚሰማው በቴሌግራም፣ በቲክቶክ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚነገር ማስታወቂያና ምግብ ቤት በር ላይ ከተለጠፈ ፖስተር ነው። ለኢትዮ ጃዝ ምሽት ወይም የቡና ሥነ ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ለሚቀርብ ዝግጅት ገበያው ዋጋ አለው፤ ለማኅበሩ ዓመታዊ እራት አያስፈልግም።

ቀኑና ሰዓቱ

አንድ ዓመት ፖስተራችን «ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ» ይል ነበር። ትኬቱን ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ልጅ 3 ፒኤም ብሎ ሞላው። ትኬቱ የገዢዎች ስልክ ካሌንደር ውስጥ በዚያው ሰዓት ገባ። አንዲት እናት ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ልጃቸውን አስከትለው፣ በጠራራ ፀሐይ በ9 ሰዓት የተዘጋ አዳራሽ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ስድስት ሰዓት ቀድመው መምጣታቸው ነበር። ከአራቱ መሸጫዎች አንዱም በኢትዮጵያ ሰዓት ስለማይቆጥር፣ በሁሉም ላይ መፍትሔው አንድ ነው። የትኬቱ ርዕስ ሥር በአማርኛ «ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 9 ፒኤም» ብላችሁ ጻፉ፤ ለዚህ የሚሆን የመግለጫ ቦታ ሁሉም ጋ አለ።

ከዚህ የሚከፋው ሌሊቱ ነው። ለእኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ጭፈራው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢያልቅ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ» እንላለን። ሶፍትዌሩ ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀን ይቀይራል። ማብቂያው እሁድ 3 ኤኤም ተብሎ ካልተሞላ ዝግጅቱ ሳይጀመር ያለቀ ይሆንበታል። ይህን ስሕተት ሶፍትዌሩ ራሱ ይጠቁማል። የማይጠቁመው የሽያጭ መዝጊያውን ነው። «ቅዳሜ 12 ኤኤም» ብላችሁ ከሞላችሁ ሽያጩ የሚዘጋው ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው፤ ሙሉ ቅዳሜን፣ ማለትም ሐበሻ ትኬት የሚገዛበትን ዋናውን ቀን፣ ታጣላችሁ።

በየዓመቱ የሚደገም ዝግጅት ካላችሁ ደግሞ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይውልም። በ2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. እንደገና 12 ይሆናል። ጥምቀትም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ስለዚህ ለበዓል «በየዓመቱ ድገም» የሚለውን አትጫኑ፤ ቀኑን በየዓመቱ በእጅ አስገቡ። ለሳምንታዊ ነገር፣ ለምሳሌ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት፣ መድገሙ ይጠቅማል። ኢቨንትብራይትና ቲኬት ቴለር ይህን በቀላሉ ይሠራሉ፤ የራስ ድረ ገጽ በሚሠራበት ዎርድፕረስ ላይ የሚገጠመው ዘ ኢቨንትስ ካሌንደር ግን ነፃው አይሠራም፣ የሚከፈልበትን ይጠይቃል።

ዝግጅቱ ከተራዘመ አዲስ ገጽ አትክፈቱ። ያንኑ ገጽ ቀኑን ቀይራችሁ ለገዢዎች በሙሉ ኢሜይል ላኩ፤ የተሸጠው ኪውአር ኮድ እንዳለ ይሠራል። ይህን ሁለቱም የትኬት መሸጫዎች ያስችላሉ። በጉግል ፎርም ከሆነ ግን ስልክ ይዞ አንድ በአንድ መደወል ነው።

በር ላይ

ጉግል ፎርምና ዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያው) ወጪ የለውም። 40 ወይም 50 ሰው ለሚጠራ እራት እኔም እሱን እጠቀማለሁ። ከዚያ ሲያልፍ ግን ፎርሙን የሞላችው ወይዘሮ ሌላ፣ ዜሉ የመጣው በባለቤቷ ስም ይሆናል፤ ገንዘብ ያዡ ሌሊቱን ስም ሲያዛምድ ያድራል። ስሙ ራሱም ችግር ነው። ፀጋዬ በእንግሊዝኛ ፊደል አምስት ዓይነት ይጻፋል፤ በር ላይ የቆመ ወጣት በዝርዝር ውስጥ ሲፈልገው ሰልፉ መንገድ ይደርሳል።

ኪውአር ኮድ ይህን ይፈታል፤ ግን አንድ ሰው ለቤተሰቡ 8 ትኬት ገዝቶ ሁሉንም በራሱ ስልክ ይዞ ከዘገየ ሰባቱ ውጭ ቆመው ይቀራሉ። ስለዚህ ስትሸጡ የእያንዳንዱን ታዳሚ ስምና ኢሜይል የሚጠይቀውን ምርጫ አብሩ። ገዢው ትንሽ ያማርራል፤ በሩ ግን ይፈጥናል። የምድር ቤት አዳራሽ ኔትወርክ አይኖረውም፤ የስካን መተግበሪያውን ቀድማችሁ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። የአንድ ዶላር ትኬት ፍጠሩ፣ ራሳችሁ ግዙት፣ ስካን አድርጉት፣ ሁለተኛ ስካን ሲደረግ ቀይ ማሳየቱን እዩ፣ ከዚያ ገንዘቡን መልሱ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አዲስ አበባ ለሚያዘጋጅ

ከላይ ያለው አብዛኛው እዚያ አይሠራም። ስትራይፕ በኢትዮጵያ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም፤ ስለዚህ ቲኬት ቴለርን ከአገር ውስጥ ባንክ ጋር ማገናኘት አይቻልም። ኢቨንትብራይትም ቢሆን ለነፃ ምዝገባ ካልሆነ በብር ለመሸጥ አይሆንም። ለአዲስ አበባ የምመክረው የራስን ድረ ገጽ ነው፦ ዎርድፕረስ ላይ የዝግጅት ካሌንደር መግጠም፣ ክፍያውን ደግሞ እንደ ቻፓ ባለ የአገር ውስጥ ማገናኛ በኩል መቀበል። ሰው የሚከፍለው በለመደው መንገድ ነው፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየኪሱ ገብቷል። ዋጋው ሌላ ነገር ነው። ድረ ገጹን የሚጠብቅ፣ በዝግጅቱ ዋዜማ ሲበላሽ ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ከእሱ ጋር ውል ስትፈርሙ ከግንባታው ይልቅ ስለዚያ ዋዜማ ሌሊት በግልጽ ጻፉ።

ባለሙያ ለማይገኝለት አነስተኛ ዝግጅት ፎርምና ቴሌብር ይበቃል፤ አንድ ነገር ብቻ አጥብቁ። የክፍያ ማረጋገጫውን በስክሪንሾት አትቀበሉ፤ ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀየራል። የግብይት ቁጥሩን በጽሑፍ ተቀበሉና ስልካችሁ ላይ ከደረሰው መልእክት ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ የገጠመለትን ሰው ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡ።