«ዘ ኮንስፒረሲ»ን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሆኜ ሳየው

ሰፈር ፊልም የሚጭንልኝ ልጅ «ይሄን ካልወደድሽው ብርሽን እመልሳለሁ» ብሎ ፍላሽ ላይ የጫነልኝ የካናዳ ፊልም ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2012፣ ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክብራይድ። አክተሮቹን አንዳቸውንም አላውቃቸውም፣ ፍንዳታ ምናምን የለም፣ ካሜራውም ይንቀጠቀጣል፣ መጀመሪያ ላይ የተማሪ ሥራ መስሎኝ ልዘጋው ነበር።

ሁለት ጓደኛሞች ዶክመንተሪ ሊሠሩ ብለው ቴራንስ የሚባል፣ መንገድ ላይ ቆሞ ስለ ዓለም ሴራ የሚጮህ ሰውዬ ይከታተላሉ፣ ቤቱ ግድግዳው በሙሉ የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ከዛ ሰውዬው ድንገት ይጠፋል፣ አንደኛው ልጅ አሮን ቁርጥራጮቹን ሰብስቦ ራሱ ቤት መለጣጠፍ ይጀምራል፣ በቃ እኔን የያዘኝ እዛ ጋ ነው። ማንም አላሳመነውም እኮ! ይሄን ቀን ከዛኛው፣ ያኛውን ከዚህኛው ሲያገናኝ ሲያገናኝ ነው የገባበት፣ አንቺም «ኧረ ይሄስ?» እያልሽ አብረሽው ትገቢያለሽ።

የሚደርሱበት ታርሰስ ክለብ የሚባል የትላልቅ ሰዎች ማኅበር ነው፣ ሚትራ የሚባለውን በሬ አራጅ የጥንት አምላክ ነገር የያዙ። እማዬ ቡና እየቆላች ስሙን ሰምታ «ጠርሴስ ነው እንዴ? የቅዱስ ጳውሎስ አገር እኮ ነው» አለች፣ ስሙ እውነትም ያው ነው፣ ከዛ መቁያውን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ክለቡ ፈጠራ ነው፣ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ የቦሄሚያን ክለብ የሚባል የትላልቅ ሰዎች ማኅበር አባላት በየዓመቱ ጫካ ውስጥ የሚሰበሰቡት እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አሌክስ ጆንስ የሚባለው የሴራ ወሬ የሚያወራ አሜሪካዊ ተደብቆ ገብቶ ቀርጾታል።

መሀሉ ይጎተታል፣ ሁለቱ ልጆች ወሬ ያበዛሉ። መጨረሻው ግን ሌላ ነው፣ ካሜራ ደብቀው ስብሰባው ውስጥ ይገባሉ፣ የሰዎቹ ፊት ሁሉ ብዥ ተደርጓል፣ ብር ስላልነበራቸው ይሁን አስበውበት ብቻ ፊት ከማየት የበለጠ ያስፈራል። የበሬ ጭንብሉ ብቅ ሲል መብራት ድርግም! ትንሹ ወንድሜ በጨለማ «ሆን ብለው ነው» አለ፣ ቀሪውን በማግስቱ ማታ ጨረስነው። ከአስር ሰባት እሰጠዋለሁ፣ ተኩስ የምትፈልጉ ግን አትልፉ።

እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ የአራተኛ ፎቋ ጎረቤታችን ደግሞ «ታች ያሉት ቧንቧውን ይዘጉብናል» ካለች ሁለት ዓመቷ ነው። ወንድሜ ፊልሙን ባየ በሦስተኛው ቀን ውሃ የመጣበትን ቀን በሙሉ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ በእማዬ የዳንቴል ክር አገናኝቶት አገኘሁ። እማዬ ክሯን ፈትታ ወሰደች፣ ወረቀቱን ግን ተወችው፣ ትናንት ደግሞ «ረቡዕንም ጻፍ፣ መጥታ ነበር» ስትለው ሰማኋት።